አደጋ አድርሶ ዝም ማለት፦ ከግጭቱ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሹፌር የሐረጎን ጭጋግ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከፊት የሚሄደው ተሳቢ የኋላ መብራት የሚታየው አጠገቡ ሲደርሱ ነው። አስፋልቱ ይረጥባል፣ እግረኛው ጋቢውን ተከናንቦ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል፣ በሬ ከገደሉ በኩል ሳይታሰብ ብቅ ይላል። እንዲህ ባለ ቦታ ጥንቁቅ ሰውም ሊገጭ ይችላል። ከግጭቱ በኋላ የሚሆነው ግን በሹፌሩ እጅ ነው። በወሎ መንገዶች ላይ አደጋው ራሱ ካመጣበት ጣጣ ይልቅ ከአደጋው በኋላ በሠራው ሥራ ኑሮው የሚበላሽ ሹፌር ስላለ፣ ስለ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ረጋ ብሎ መነጋገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መናኸሪያ አካባቢ የሚዘዋወር አንድ ምክር አለ፦ «ቆመህ ከምትታሰር ሄደህ ዕድልህን ሞክር።» አደጋው በደረሰበት ቅጽበትም ረዳቱ ይህንኑ ነው የሚጮኸው፦ «ጋሼ ንዳው! ሰው ሳይሰበሰብ ንዳው!» ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። የኅሊናውን ነገር ለጊዜው ትተን በሕጉ ብቻ ብንመዝነው እንኳ ይህ ምክር ኪሳራ ነው።

ሕጉ አደጋውን፣ እርዳታ መንፈጉንና ዝምታውን ለየብቻ ያያቸዋል። አደጋውን የሚገዛው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። ሰው በቸልተኝነት የገደለ ማንኛውም ሰው በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 1 ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሹፌር ግን ልክ እንደ ሐኪም የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ተብሎ በምሳሌነት ስለተጠቀሰ የሚጠየቀው በንዑስ አንቀጽ 2 ነው፦ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ በተጨማሪም ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ሹፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ አለያም ሌላ አደንዛዥ ነገር ወስዶ ከነዳ ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 ይሻገራል፤ እሱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የአካል ጉዳት ከሆነ አንቀጽ 559 አለ።

እስከዚህ ድረስ ቆሞ የጠበቀውም ጥሎ የሄደውም እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው አንቀጽ 575 ላይ ነው። ይህ አንቀጽ ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ጥሎ የሚሄድን ሁሉ ይቀጣል። መንገደኛ ከሆነ ቅጣቱ ከ6 ወር የማይበልጥ እስራት ወይም መቀጮ ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ግን ከ1 ወር የማያንስ ቀላል እስራትና መቀጮ በአንድ ላይ ይጠብቁታል፣ የ6 ወሩ ጣሪያም ይነሳለታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር የማያስተውለው ነገር አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ጉዳቱን ያደረሰው እሱ መሆኑን ነው፤ ጥፋተኛ መሆኑን አይደለም። ከቆመ አይሱዙ ኋላ ሮጦ የገባ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ በ30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ቆይቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ማዳን አቅቶት ሊሆን ይችላል። በአደጋው ነጻ የሚወጣ ሰው ነው። ጥሎ ከሄደ ግን በመሄዱ ብቻ ወንጀለኛ ይሆናል። ነጻ መሆን የሚችል ሰው በገዛ እጁ ወደ ወንጀል የሚገባበት መንገድ ይህ ነው፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

የሚያጣው ሌላው ነገር ማስረጃው ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሳ የሚለካው ብዙ ነው፦ የመንገዱ ስፋት፣ የፍሬኑ ምልክት ከየት ተነስቶ የት እንደቆመ፣ የመብራት ስብርባሪ የወደቀበት ቦታ፣ ከመከላከያው ስር የረገፈ ጭቃ፣ የተጎጂው ጫማ፣ ደም፣ መኪናው ቆሞ የተገኘበት ርቀት። የረገፈው ጭቃ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን የግጭት ነጥብ ይናገራል፤ መኪናው ሲመታ ከስሩ የተጣበቀው አፈር እዚያው ይወድቃልና። የፍሬኑ ምልክት ደግሞ ሹፌሩ ከስንት ሜትር ላይ እንዳየና በምን ያህል ፍጥነት ይሄድ እንደነበር ያሳያል። ሐረጎ ላይ አንድ ጠንካራ ዝናብ ይህን ሁሉ ያጥበዋል። ባቲ መንገድ ላይ ደግሞ ከኋላ የሚመጣው የጂቡቲ ከባድ መኪና ይረግጠዋል። ሹፌሩ ከሄደ ፕላኑ የሚነሳው ያለ መኪናው ነው፤ የሚቀረው የምስክር ቃል ብቻ ይሆናል። ምስክሩ ደግሞ የተጎጂው ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው፣ ያየውም ሲሸሽ ነው። ሲሸሽ ያየ ሰው «ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው» ብሎ አይመሰክርም።

ዋስትናው ላይም መሸሹ ተከትሎት ይመጣል። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚፈቅደው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው የሚሞት የማይመስል ሲሆን ነው። ተጎጂው ደሴ ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቶ እያለ ሹፌሩ በዋስ የማይለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ፖሊስ ስለጠላው አይደለም፤ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ መካከለኛ ፍለጋ ገንዘብ ከማባከን ይድናል። የተጎጂው ሁኔታ ሲሻሻል ሐኪም የሚጽፈው ማስረጃ በሩን ይከፍተዋል። የሸሸ ሹፌር ግን ያንን በር ካለፈም በኋላ አንቀጽ 67 ይጠብቀዋል። አመልካቹ የዋስትናውን ግዴታ የሚፈጽም ካልመሰለ ፍርድ ቤቱ ይከለክላል። ዐቃቤ ሕግ ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ «አንዴ ሸሽቷል» ይበቃዋል።

በተቃራኒው ቆሞ ለረዳ ሰው ሕጉ በግልጽ ያዝንለታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ከሚቀንሱ ምክንያቶች መካከል ከድርጊቱ በኋላ እውነተኛ ጸጸት ማሳየትን ይጠቅሳል፣ መግለጫዎቹንም ይዘረዝራል፦ ተጎጂውን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ ራስን ለሕግ አካል ማቅረብ፣ የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስ። አራቱም ከአደጋው ቦታ ሳይርቁ የሚጀመሩ ናቸው።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። መኪናው በቆመበት ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ቁልቁለት ከሆነ ጎማው ላይ ታኮ ይግባ፣ አራቱም ፍሬቻ ይብራ። ሦስት ማዕዘኑ ወደሚመጣው መኪና አቅጣጫ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ኩርባ ካለ ከኩርባው በፊት መሆን አለበት፣ ከኩርባው በኋላ የተቀመጠ ምልክት ለማንም አይጠቅምም። ሦስት ማዕዘን የሌለው ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል። ደግ ነው፤ ነገር ግን ያንን ድንጋይ ሲሄዱ ማንሳት ግዴታ ነው። ከአደጋ በኋላ የተረሳ ድንጋይ በማግስቱ ሌሊት ባጃጅ ይገለብጣል፣ ሞተር ብስክሌት የያዘ ወጣት ይገድላል።

ከዚያ ተጎጂው። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ እንጂ በየደቂቃው እያነሱ ማየት አይገባም፤ መርጋት የጀመረው ደም እንደገና ይከፈታል። ራሱን የሳተና አንገቱ ወይም ጀርባው የተመታ ሰው እጅና እግሩ ተይዞ መጎተት የለበትም። የአገራችን ሰው ቃሬዛ ያውቃል፤ ሰፊ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ላይ አንገቱ ሳይወዛወዝ ቀጥ አድርጎ ማስተኛት ይቻላል። ውኃ አይጠጣ። አምቡላንስ ከተገኘ (የቀይ መስቀሉ 907 ነው) መጠበቅ ይሻላል። ካልተገኘ የሚያልፍ መኪና ይለመናል።

በገጨው መኪና ራሱ መውሰድ የግድ ከሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት አራቱም ጎማዎች ያረፉበት ቦታ በጠመኔ፣ በከሰል ወይም በድንጋይ ምልክት ይደረግበት፤ በስልክ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ፣ ረዳቱ እዚያው ይቅር። ሆስፒታል ሲደርስ «መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» የሚል ቃል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ በኋላም ፍርድ ቤት ይቀርባል። የመኪና አደጋ መሆኑን በትክክል መናገር ለተጎጂውም ይጠቅማል፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የድንገተኛ ሕክምና ወጪን ይሸፍናል። አዋጁ ሲወጣ የዚህ ሕክምና ጣሪያ 2,000 ብር ነበር።

ፖሊስ ወዲያው መነገር አለበት። ኔትወርክ በሌለበት፣ ለምሳሌ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ቦረና በሚያስገቡት አንዳንድ ገጠር መንገዶች ላይ፣ በሚያልፍ መኪና ወረቀት መላክ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥር፣ የቀበሌው ስም፣ ሰዓቱ፣ የተጎዳው ሰው ብዛትና የላኪው ስም ይጻፍ፤ የወሰደው ሰው ስምና የመኪናው ሰሌዳ ደግሞ ላኪው ጋ ይቅር። በአቅራቢያው ላለ የቀበሌ ሊቀመንበር ወይም ሚሊሻ ማሳወቅም ይረዳል፤ በኋላ «በሰዓቱ ነግሮናል» ብሎ የሚመሰክር ሰው ይሆናል።

አሁን ብዙ ሹፌር በእውነት የሚፈራውን ነገር ላንሳ። የሚሸሸው ከፖሊስ ብቻ አይደለም፣ ከሕዝቡም ነው። የተጎጂው ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ዱላ ተይዞ፣ ስሜት ሲግል ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ ሹፌር አለ፤ ይህን ፍርሃት ማናናቅ ትክክል አይደለም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 75 በሌላ መንገድ ሊያመልጡት ከማይቻል ቅርብና ከባድ አደጋ ራስን ለማዳን የተደረገን ድርጊት አይቀጣም። ይህ ክርክር የሚሠራው ግን የሄደበት አቅጣጫ ሲመሰክርለት ነው። ሐረጎ ላይ ገጭቶ፣ ሰው ሊደበድበው ሲመጣ ወርዶ ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ያቆመ ሹፌር አልሸሸም። ኮምቦልቻን አልፎ ሐርቡ፣ ከሚሴ የደረሰ ሹፌር ሸሽቷል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የኪሎ ሜትር ነው፣ በመዝገቡ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እየነዳ ሳለ ስልክ ደውሎ ከሆነ ደግሞ የጥሪው ሰዓት ራሱ ማስረጃ ይሆንለታል። ብዙ የጭነትና የሕዝብ መኪና ላይ ጂፒኤስ ስለተገጠመ የት እንደቆመና የት እንዳልቆመ መካድ አሁን አያዋጣም።

ሌላው ወጥመድ ተጎጂው ራሱ የሚሰጠው ነው። የወሎ ሰው ደግነቱ ብዙ ነው። ባጃጅ ገጭቶት የተነሳ ሽማግሌ አቧራውን አራግፎ «አብሽር ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» ይላል። ሹፌሩ እጁን ስሞ፣ ለመድኃኒት ብሎ ጥቂት ብር ሰጥቶ ይሄዳል። የራስ ቅል ውስጥ ደም ሲፈስ ግን ሰው ለሰዓታት በደህና ሊነጋገር፣ ሊራመድ፣ ቤቱ ገብቶ ሊበላ ይችላል፤ ከዚያ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይተኛል፣ አይነሳም። በማግስቱ ሹፌሩ «ገጭቶ ገንዘብ ሰጥቶ ያመለጠ» ተብሎ ይፈለጋል። ስለዚህ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፣ ካርድ ይውጣለት፣ ለፖሊስም ይነገር። ሽማግሌው እምቢ ካሉ ልጃቸው ወይም ጎረቤታቸው ይጠራ፤ እምቢታቸውን የሰማ ሰው ይኑር።

እንስሳም ቢሆን መቆም ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በግመል፣ በፍየልና በከብት ይሞላል። ግመል የገጨ ሰው ሁለት ሕጎች ይገጥሙታል፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ያለ ጥፋትም ቢሆን ተጠያቂ ነው፤ በአንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳው ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ማን ማንን እንደሚክስ የሚወሰነው በፕላኑ ነው፤ እንስሳው ያለ ጠባቂ አስፋልት መካከል ተኝቶ ነበር ወይስ ከእረኛው ጋር ጠርዝ ይዞ ይሄድ ነበር? ቆሞ ያላስመዘገበ ሹፌር የተሰበረውን የመኪናውን ፊት ከማንም አያገኝም፣ የግመሉን ዋጋ ግን ይከፍላል።

ሽምግልናው የወሎ ሀብት ነው፣ ቦታውን ማወቅ ግን ያሻል። ሸኹም፣ ቄሱም፣ አበጋሩም (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ገብተው ደም ሲያደርቁ ሁለት ቤተሰብ ከበቀል ይድናል፤ የሚከፈለው ካሳ የተጎጂውን ልጆች ያሳድጋል፣ ፍርድ ቤትም ቅጣት ሲያቀል ያየዋል። ነገር ግን በቸልተኝነት ሰው የመግደል ክስ በእርቅ አይዘጋም፤ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ስለዚህ «ለሽማግሌ ነግረናል፣ ለፖሊስ አትንገሩ» የሚል ስምምነት ማንንም አያድንም። ጸንቶ የሚቆየው መጀመሪያ አደጋው ተመዝግቦ፣ ከዚያ እርቁ ተጽፎ፣ ምስክር ፈርሞበት፣ ከመዝገቡ ጋር ሲያያዝ ነው።

ኢንሹራንሱም ሰዓት ይቆጥራል። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 መድን የገባ ሰው አደጋው መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ያዛል። የትራፊክ ሪፖርት የሌለው ጥያቄ ከመስኮቱ አያልፍም። ሁለት መኪና ተነካክቶ «በስምምነት» የተለያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እዚህ ነው፤ ማታ ጋራዥ ሲገባ ፊቱ ብቻ የተጎዳ የመሰለው መኪና ሻንሲው ተጣምሞ ይገኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪና ሲጋጭ የአንዱ ጥፋት ካልተረጋገጠ እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራል፣ ጉዳቱንም ግማሽ በግማሽ ይከፍላሉ። ንጹሑ ሰው ያለ ፕላን ሲሄድ የሌላውን ግማሽ ጥፋት ተሸክሞ መሄዱ ነው።

ለባለንብረቶች ደግሞ ይህን እላለሁ። በሹፌሩ መሸሽ አትጠቀሙም፤ አንቀጽ 2081 እናንተኑ ይዟችኋል። «መኪናውን እጠበው፣ መብራቱን ቶሎ ለውጠው፣ ረዳቱ ነድቷል በል» የሚል ስልክ ሹፌራችሁን አያተርፈውም፣ እናንተን ግን ማስረጃ በማጥፋትና ተጠርጣሪን በመርዳት ያስጠይቃል፤ ያልሠራውን ወንጀል ሠራሁ የሚለውም ሰው ይቀጣል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ረዳት ነዳሁ ካለ ደግሞ ሌላ ክስ በላዩ ላይ ይጨመርበታል። የልጁ ዕድሜ ስንት ነው ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

የተጎጂ ቤተሰብም መብቱን ይወቅ። መኪናው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው በአዋጅ 799/2005 የተመለከተው የመድን ፈንድ አለ፤ ለዚያም መነሻው የፖሊስ ሪፖርት ነው። የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143)፤ ጉዳዩ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ከዚያ ከረዘመ የወንጀሉ ይርጋ ይሠራል።

ጥሎ ሄዶ ያደረ ሹፌር ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ዛሬም ከነገ ይሻላል። ሳይፈለግ በራሱ እግር የሄደ ሰው የአንቀጽ 82ን በር ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። የሚሄደው አደጋው ወደደረሰበት ወረዳ ፖሊስ ነው፤ የራሱ ሰፈር ጣቢያ የሚያውቀው ሰው ስላለ ብቻ አይመረጥም። መኪናው ሳይታጠብ፣ የተሰነጠቀው መብራት ሳይለወጥ ይቅረብ። መንጃ ፈቃዱን፣ ሊብሬውንና የሦስተኛ ወገን ወረቀቱን ይያዝ። ከታሰረ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደው ጊዜ አይቆጠርም። አደጋ መድረሱን፣ ቦታውንና ሰዓቱን አሳውቆ፣ እንዴት እንደሆነ ዝርዝር ቃሉን ጠበቃ እስኪያማክር ማቆየት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተሰጠው መብቱ ነው፤ ማሳወቅና በራስ ላይ መመስከር አንድ አይደሉም። የተመዘገበበትን ቁጥር፣ ቀንና የመዝጋቢውን ስም ግን ጽፎ መያዝ አለበት። ቤተሰቡ ለጠበቃውም ለኢንሹራንሱም መጀመሪያ የሚያቀርበው እሱን ነው።